የከተማውን አሮጌ አዳራሽ ከመፍረስ ማዳን፦ ለወሎ ከተሞች ዝርዝር መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ «አዳራሻችንን እናድን» ብሎ የሚነሳ ኮሚቴ አይጠፋም። ብዙው የሚከሽፈው ብር አጥቶ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ነው። በዓል ሲደርስ ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ ጣሪያው ግን እንዳፈሰሰ ይቀራል። ክረምት ሲወጣ ቀለሙ ተልጦ ይወርዳል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ «ሕንፃው ለሕዝብ አደገኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በተጻፈበት ተራ ሥሩት። ቀለም መጨረሻ ነው።

መመሪያው ለየትኛው ሕንፃ ነው? በአርማታ አምድና ወራጅ (አምዶቹን የሚያገናኘው አግዳሚ) ለተሠሩ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ መስኮታቸው ሰፊ፣ ጌጣቸው ጥቂት ለሆነ ለ1950ዎቹና ከዚያ ወዲህ ላሉ የሕዝብ አዳራሾች፣ ሲኒማ ቤቶችና የባህል አዳራሾች ነው። በደሴ እንዳለው የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ ላሉ የቀደሙ የግቢ አዳራሾች አትጠቀሙበት፤ የእነሱ ቁስም አሠራርም ሌላ ነው።

ዝግጅት

ወቅቱን ምረጡ። ወሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብበታል፤ በልጉ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል፣ ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ ይገባል። የጣሪያ ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ መዘጋት አለበት። ሚያዝያ ላይ ጣሪያ የሚከፍት ሰው ከዝናብ ጋር ቁማር ይጫወታል። ልኬትንና ፎቶን ግን በክረምትም መሥራት ይቻላል፤ እንዲያውም ውሃው የሚገባበት በዓይን የሚታየው ያኔ ነው።

ሰው አዘጋጁ፦ አንድ የግንባታ መሐንዲስ (በወር አንዴ ብቅ ቢልም ይበቃል)፣ አንድ ልምድ ያለው ግንበኛ፣ አንድ በያጅ፣ አንድ ፎቶ የሚያነሳ፣ አንድ የሚጽፍ። የሚጽፈው ሰው ሌላ ሥራ አይያዝ።

ዕቃ፦ ባለ 30 ሜትር ሜትር፣ ቱምቢ፣ ውሃ ልክ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ጠመኔ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጀሶ፣ ባትሪ፣ የውሃ ጎማ፣ ጠንካራ መሰላል፣ የራስ ቆብና የአፍ መሸፈኛ።

ማስጠንቀቂያ፦ አዳራሹ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ተዘግቶ የቆየ ከሆነ፣ ወይም ወታደር ሰፍሮበት ከነበረ፣ ማንም ከመግባቱ በፊት ለፖሊስ አሳውቃችሁ አስፈትሹ። ከመድረክ ሥር ወይም ከኮርኒስ በላይ ያልታወቀ ብረት ብታዩ አትንኩ፣ አታንቀሳቅሱ፤ በሩን ዘግታችሁ ውጡ።

ደረጃ 1፦ ፈቃድ

1. የሕንፃው ባለቤት ማን እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ። ማዘጋጃ ቤት፣ ባህልና ቱሪዝም፣ ቀበሌ፣ አንዳንዴም የቀድሞ ማኅበር ሊሆን ይችላል። «የመንግሥት ነው» መልስ አይደለም፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ካርታውን እንደያዘ ጠይቁ።

2. ለከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ገብቶ ለመለካትና ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ፣ እንዲሁም ጥናቱ እስኪያልቅ ሕንፃው ላይ ምንም እንዳይፈርስና እንዳይቀየር። በጀት በዚህ ደብዳቤ አትጠይቁ። ብር የጠየቀ ደብዳቤ ብር እስኪገኝ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ያድራል።

3. ሕጉን እወቁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በዕድሜው ሳይሆን በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በኪነ ጥበባዊና በሳይንሳዊ ይዘቱ ነው። «ገና ሃምሳ ስድሳ ዓመቱ ነው፣ ምኑ ቅርስ ይሆናል» ለሚላችሁ መልሱ ይኸው ነው። ያው አዋጅ ቅርስ የሆነን ነገር መጠገን አስቀድሞ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል፤ ስለዚህ ሕንፃው ተመዝግቦ ከሆነ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃዱን ያዙ።

ደብዳቤው መልስ ካጣ፦ በአካል ሂዱ፣ የገቢ ቁጥሩን ያዙ፣ ግልባጩን ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት አድርሱ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ይዛችሁ አትግቡ፤ ኃላፊው ሲቀየር ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል።

ደረጃ 2፦ ሳትነኩ መዝግቡ

ሰው የሚሰለቸውና ዘሎ የሚያልፈው ይህን ነው። ያልተመዘገበ ነገር አንዴ ከተነሳ ወደ ቦታው አይመለስም።

1. ከውጭ ጀምሩ። አራቱንም ፊት ከማዕዘን ሳይሆን ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ አንሱ። የቀትር ፀሐይ ጥላ ስለሚያጠፋ ስንጥቅ አይታይም። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ልኩ የታወቀ ነገር (የተቀለመ የ1 ሜትር ጣውላ) አቁሙ።

2. ወደ ውስጥ ግቡ። ከበሩ ተነስታችሁ በቀኝ በኩል ዙሩ፣ ክፍል አትዝለሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል ስድስት ፎቶ፦ አራት ግድግዳ፣ ወለል፣ ኮርኒስ። ከዚያ ዝርዝሩን፦ የበር እጀታ፣ የትኬት መስኮት፣ የወንበር ቁጥር፣ የመድረክ መጋረጃ መሳቢያ፣ የመብራት ማብሪያ፣ የደረጃ መደገፊያ። ሰው አሮጌ ብሎ የሚጥላቸው እነዚህ ናቸው፤ የሕንፃውን ዘመን የሚናገሩትም እነዚሁ ናቸው።

3. ለኩ። ርዝመትና ስፋት ብቻ አይበቃም፤ የእያንዳንዱን ክፍል ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። ሰያፎቹ እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም ማለት ነው፤ አዳራሾች ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ መድረኩ ሆን ተብለው ይጠብባሉ። ወለሉን በ1:100፣ የመድረኩንና የሰገነቱን ቁርጥ (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚያሳይ ንድፍ) በ1:50 ሣሉ።

4. ፎቶና ልኬቱን በሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱ በከተማው፣ አንዱ ከከተማው ውጭ፣ አንዱ ታትሞ በወረቀት። በ2014 የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ የሆነውን የምታስታውሱ ለዚህ ማብራሪያ አትፈልጉም።

የፊልም ጥቅል ብታገኙ፦ የማሳያ ክፍሉ ውስጥ የቀሩ ጥቅሎችን አትፍቱ፣ በማሽን አታሳዩ። የኮምጣጤ ሽታ ካለው መበስበስ ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለይታችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑሩት፣ በላስቲክም ጠቅልላችሁ አትድፈኑት። በጣም አሮጌ ጥቅል በቀላሉ የሚቀጣጠል ሊሆን ስለሚችል በዚያ ክፍል ሲጋራም ሻማም አይግባ።

ደረጃ 3፦ ዘመኑን አረጋግጡ

ረጅም ታሪክ አትጻፉ። የሚፈለገው አራት ነገር ነው፦ መቼ ተሠራ፣ ማን አሠራው፣ ማን ነደፈው፣ መቼ ምን ተቀየረበት።

በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ጀምሩ፤ ንድፍ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የክፍያ ደረሰኝ ፈልጉ። ከዚያ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ያሉትን የቆዩ ጋዜጦች አገላብጡ፤ የከተማ አዳራሽ ሲመረቅ በጋዜጣ መውጣቱ የተለመደ ነበር።

ከዚያ ሰው ጠይቁ። ዘፋኙን ብቻ አትፈልጉ። ትኬት ቆራጩን፣ መብራት ሠራተኛውን፣ በረኛውን፣ በወሎው የኪነት ቡድን በላሊበላ ኪነት ጊዜ መድረክ ያዘጋጁ የነበሩትን ፈልጉ። «ጋሼ፣ መቼ ተሠራ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዓመተ ምሕረት በቃል አይያዝም። «ሲመረቅ ልጅ አግብተው ነበር? በንጉሡ ጊዜ ነው በደርግ? ከድርቁ በፊት ነው በኋላ?» በሉ። እነዚህ መልሶች ዘመኑን ያጠብቡላችኋል።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ፣ አሮጌ ግንብ ሁሉ «የጣሊያን ሥራ» መባሉ ነው። ጣሊያን በአገሩ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ነው፤ ሰነድ ሳይኖር ይህን አትጻፉ። ሁለተኛው የአቆጣጠር መምታታት ነው። የውጭ መሐንዲስ ንድፍ ላይ 1961 የሚል ብታዩ እኛ ዘንድ 1953 ወይም 1954 ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ነው፤ በውጭ ጽሑፍ 1961 ተብሎ ታገኙታላችሁ። በማመልከቻችሁ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ።

የሁለት ሽማግሌ ቃል ከተጋጨ፦ ሁለቱንም ጻፉ። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አታጥፉ።

ደረጃ 4፦ ውሃውን አቁሙ

አዳራሽ የሚሞተው ከላይ ነው። ሌላውን ሁሉ ከመንካታችሁ በፊት እዚህ ጨርሱ።

1. ጣሪያ ላይ ውጡና ጥረጉ። አፈር፣ ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ፣ በላዩ የበቀለ ሣር። ሣሩን አትንቀሉት፤ ከሥሩ ቁረጡት፣ ሥሩ ሲደርቅ ቀስ ብላችሁ አውጡት። የተነቀለ ሥር ሬንጁን ይዞት ይነሳል።

2. የውሃ መውረጃዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። ከላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ፣ ከታች ሰው ይቁም። ከታች ካልወጣ ቧንቧው ተደፍኗል ወይም ግድግዳው ውስጥ ተሰብሯል። በእነዚህ ሕንፃዎች መውረጃው አምድ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። የተሰበረውን ለማግኘት አምዱን አትስበሩ፤ የውስጡን መስመር ዝጉና ከውጭ በኩል አዲስ መውረጃ አውርዱ።

3. የሚያፈስበትን ፈልጉ። በጎማ ውሃ ከዝቅተኛው ጥግ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ እያንዳንዱን ቦታ 15 ደቂቃ ያህል አርጥቡ፣ ውስጥ ባትሪ የያዘ ሰው ይጠብቅ። የረጠበበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ውሃ በአርማታው ውስጥ ብዙ ተጉዞ ነው የሚንጠባጠበው።

ማስጠንቀቂያ፦ መውረጃ ደፍኖ ጣሪያውን ውሃ መሙላት የሚባለውን ፍተሻ በአሮጌ ጣሪያ ላይ አታድርጉ። 300 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሲቆም 15 ቶን ነው።

4. አዲስ ንጣፍ ከመጨመር በፊት አሮጌውን ቁጠሩ። ብዙ ጣሪያ ላይ ሬንጅ በሲሚንቶ፣ ሲሚንቶ በሬንጅ ተደራርቦ ይገኛል። 5 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ንጣፍ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ያህል ይጨምራል። የላላውን አንሱ፣ ለውሃው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዘንበል ስጡት፣ ከዚያ ነው አዲሱ መከላከያ የሚነጠፈው። በግድግዳው ጠርዝ ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይውጣ፤ ጣሪያ የሚያፈሰው ከመሐሉ ይልቅ ከጠርዙ ነው።

«በላዩ ቆርቆሮ እንምታበት» የሚል ሐሳብ በእርግጥ ይመጣል። እኔ ፈጽሞ አልቃወመውም፤ ከፊት ካልታየ፣ ቀላል ከሆነና ተመልሶ መነሳት ከቻለ ሕንፃውን ያተርፋል። ግን ቆርቆሮውን ለማሰር አርማታውን በየቦታው የሚበሱ ከሆነ የተበሳው ሁሉ አዲስ ማፍሰሻ ነው። የደሴ ንፋስም ቀልድ አያውቅም፤ አያያዙን መሐንዲሱ ይወስን።

አሮጌ የሲሚንቶ ቆርቆሮ ካለ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ በደረቁ አትጥረጉት። አርጥቡት፣ ሳይሰበር በሙሉው አውርዱት፣ በላስቲክ ጠቅልሉት።

5. ከኋላ ያለውን መሬት አትርሱ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ናት፤ የዝናቡ ጎርፍ ከሕንፃው ጀርባ ይከማቻል። ከኋላ ግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ውሃ የሚያስወግድ ቦይ ቆፍሩ። ባለፉት ዓመታት የተጠራቀመ አፈር ግድግዳው ላይ ተደግፎ ከሆነ፣ በአንዴ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ አንሱት።

ዝናብ ከቀደማችሁ፦ ሸራ አልብሱ፣ ከሥሩ አየር እንዲገባ ጣውላ አድርጉ፣ ሥራውን እስከ ጥቅምት አቁሙ። ከላይ እየዘነበ በሬንጅ ለመድፈን አትሞክሩ፤ በእርጥብ ላይ አይዝም።

ደረጃ 5፦ ስንጥቁ ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል?

የቆመ ስንጥቅና የሚሄድ ስንጥቅ ሕክምናቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ወዲያው አትድፈኑ።

ውስጥ ባለ ስንጥቅ ላይ ቀጭን የጀሶ ድልድይ ለጥፉ፣ ቀኑን ጻፉበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። ውጭ ያለው ላይ ጀሶ አይሆንም፣ ዝናብ ያሟሟዋል፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር አስገቡና መሐላቸውን በየወሩ ለኩ። ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለፍ።

ከሰፋ፣ ሰያፍ ከሆነ፣ ወይም አምድና ወራጅ የሚገናኙበት ላይ ከሆነ መሐንዲስ ሳያይ ሕዝብ አታስገቡ። አካባቢያችን የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ በ1953 በካራቆሬና በማጀቴ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያስታውሱ አሉ። በዚሁ ምክንያት «አዳራሹን ለማስፋት» ግድግዳ ማፍረስና አምድ ማንሳት የሚባል ነገር በጭራሽ አይታሰብ።

ደረጃ 6፦ አርማታውን ጠግኑ

1. በትንሽ መዶሻ እያንኳኳችሁ ዙሩ። ጥሩ አርማታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ቆፍ ቆፍ ይላል። ቆፍ ያለውን በጠመኔ ክበቡ፣ ፎቶ አንሱ።

2. ፌሮው ለምን ዛገ? በአቅራቢያችሁ ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ፊኖልፍታሊን (ቀለሙን በመቀየር የሚመረምር ፈሳሽ) ለምኑ። አዲስ የተሰበረ ገጽ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ሐምራዊ ከሆነ አርማታው ገና ፌሮውን ይጠብቃል፣ ቀለም ካልያዘ መከላከያው አልቋል። ቀለም ያልያዘው ጥልቀት ፌሮው ድረስ ከደረሰ ችግሩ የአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፣ ለመሐንዲሱ ንገሩት። ለዓመታት ተሰብሮ በቆየ ገጽ ላይ አትሞክሩ፤ ሁልጊዜ ቀለም አይዝም፣ ያሳስታችኋል።

3. መጀመሪያ ደግፉ፣ ከዚያ ቅረጹ። ከወራጅ ወይም ከአምድ የምታነሱ ከሆነ ድጋፍና መሐንዲስ ግድ ነው።

4. ከፌሮው ጀርባ ጭምር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፈቱ። ፊቱን ብቻ አጽድቶ መለሰን ሰዎች ደጋግመው የሚሠሩት ስህተት ነው፤ ዝገቱ ከጀርባ ይቀጥልና ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉ። ውፍረቱ በግልጽ የሳሳ ፌሮ ካገኛችሁ ቁሙ፣ አትሸፍኑት።

5. አሸዋውን ፈትሹ። ከወንዝ የመጣውን አሸዋ በጠርሙስ ከውሃ ጋር በጥብጡ፣ ይረፍ። ከላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከአሸዋው ቁመት ከ6 በመቶ ከበለጠ እጠቡት።

6. ገጹን አርጥቡ፣ ላዩ ሲጠፍፍ አንድ ሲሚንቶ በሦስት አሸዋ በስስ በስሱ ሙሉ። ቢያንስ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ። በኮምቦልቻ ፀሐይ ጆንያውን የሚያረጥብ ሰው ቀኑን ሙሉ መመደብ አለበት፤ በደሴ ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ከባድ ነውና ማታ ማታ ጆንያው ላይ ሸራ ደርቡ።

ጥገናው ከተሰነጠቀ፦ ቶሎ ደርቋል ወይም ሲሚንቶው በዝቷል። ላዩን በስቱኮ አትሸፍኑት፣ አንስታችሁ ድገሙት። አብሽሩ፣ ይህ የሚያጋጥም ነው።

ደረጃ 7፦ ውስጡ

ወለል፦ ቴራዞ ከሆነ አሲድ አታስነኩት፤ በውስጡ ያለውን የእብነ በረድ ጠጠር ይበላዋል። በላዩ ሴራሚክ አትለጥፉ። ለስላሳ ሳሙናና ውሃ፣ ከዚያ የወለል መወልወያ ማሽን።

መስኮት፦ የብረቱን መስኮት በአሉሚኒየም አትቀይሩ። የሚበሰብሰው ብዙ ጊዜ የታችኛው ዘንግ ነው፤ መስታወቱን አውጡ፣ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጣችሁ በያጁ ይተካ፣ አንቲረስት ቀቡ።

ድምፅ፦ እዚህ ላይ ብዙ አዳራሽ ተበላሽቷል። በግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ጣውላ ጌጥ አይደለም፣ ድምፅ የሚውጥ ነው፤ በቀለም ቀዳዳውን ከደፈናችሁት አዳራሹ ይጮኻል። ኮርኒሱን አውርዶ ጀሶ ቦርድ መስቀልም ያው ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ መሲንቆ መቺ መድረክ ላይ አቁሙ፣ ያለ ማይክ አምባሰልን ይምታላችሁ። ከፊት፣ ከመሐልና ከመጨረሻው ረድፍ ድምፁን ቅዱ። ሁለቱ ቅጂዎች ሲነጻጸሩ ያበላሻችሁት ነገር ካለ ይታወቃል።

መብራት፦ አሮጌውን መስመር ቁረጡ፣ አዲስ ዘርጉ። የመውጫ በሮች ወደ ውጭ ይከፈቱ፤ ዝግጅት እያለ በሰንሰለት አይታሰሩ።

ቀለም፦ አሁን ደረሳችሁ። በማይታይ ጥግ በምላጭ ትንሽ ገጽ እየፋቃችሁ የመጀመሪያውን ቀለም አግኙ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉ፣ አርጥቡ። እርጥበቱ ባልወጣ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም አትቀቡ።

ደረጃ 8፦ ፋይሉን አስገቡ

ፋይሉ ይህን ይያዝ፦ የባለቤትነት ማስረጃ፣ ንድፎቹ፣ ቁጥር የተሰጣቸው ፎቶዎች፣ የዘመኑ ማስረጃ፣ የጉዳት ዝርዝር፣ የተጠገነውና እንዴት እንደተጠገነ፣ ቀጣዩ አገልግሎት። የመጨረሻውን አትዝለሉ፤ ማን እንደሚጠቀምበትና ማን እንደሚያጸዳው ያልተጻፈ ሕንፃ ቢመዘገብም ተመልሶ ይዘጋል። የምስጋና ገጽ አታስገቡ።

አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። ለከተማ አዳራሽ ክልላዊውን መንገድ ያዙ፦ ከከተማው መሥሪያ ቤት ወደ ክልሉ ቢሮ።

«ቅርስ አይደለም» የሚል መልስ ከመጣ፦ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የጎደለውን ሞልታችሁ መልሳችሁ አስገቡ። እስከዚያው ድረስ ሕንፃው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ በሕዝብ አገልግሎትነት ተይዞ እንዲቆይ ለማዘጋጃ ቤቱ አመልክቱ፤ ቦታው ለሌላ ግንባታ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ የምዝገባ ደብዳቤ ዋጋ የለውም። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው መጥረጊያ ይዞ ጣሪያው ላይ ይውጣ፣ መውረጃዎቹን በባልዲ ይፈትሽ፣ ያየውን ፋይሉ ላይ በቀኑ ይጻፍ።